ዘገየ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም

ሀይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ሥራ የሚጀምረው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው፡፡ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭነው ሌሊቱን ሲጓዙ ያደሩ አይሱዙዎች ተራቸውን ይዘው ይቆማሉ፡፡ ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከጃንሜዳ ወደዚህ ከተዛወረ ወዲህ ነጋዴው የአካባቢውን ሒሳብ ጠንቅቆ ያውቃል፡፡ ጫኝና አውራጅ የሚከፈለው በጆንያ ቁጥር ነው፤ በጆንያው ውስጥ ያለው ሽንኩርት ይሁን ድንች፣ ዋጋው ይውጣ ይውረድ፣ እሱን አይመለከተውም፡፡ የቸኮለ ጨመር ያደርጋል፤ ያልቸኮለ ሻዩን ይጠጣል፡፡ ተራው ስለዘገየ ጭነቱ ጠፋ ብሎ የሚጮህ የለም፡፡

ይኸው አስተዋይ ገበያተኛ ግን ስልኩን ከፍቶ የክሪፕቶ ገንዘብ ሲልክ ሌላ ሰው ይሆናል፡፡ የላከው ቢትኮይን ወይም ዩኤስዲቲ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካልደረሰ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ደጋግሞ ይልካል፣ ላኪውንና ተቀባዩን ይጠራጠራል፤ በመጨረሻም «ወንድሜ፣ ገንዘብህ ተጣብቋል፤ 50 ዶላር ብቻ ላክልኝና አስለቅቅልሃለሁ» በሚል አጭበርባሪ እጅ ይወድቃል፡፡ በዚህ ገበያ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በመዘግየቱ ሳይሆን የዘገየበትን ምክንያት ባለማወቅ ነው፡፡

አስቀድሞ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፡፡ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስታወቂያ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑንና በክሪፕቶ የሚደረግ የገንዘብ ልውውጥ ሕገወጥ መሆኑን ለሕዝብ አሳውቋል፡፡ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ደግሞ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በክሪፕቶ ማይኒንግና ዝውውር ሥራ የተሰማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጥሪ አድርጓል፡፡ ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሁሉ ገንዘቡ ቢበላ አቤት የሚልበት ደጃፍ እንደሌለው አውቆ ነው መሄድ ያለበት፡፡ ይሁንና ማስታወቂያው ወጣ ተብሎ ገበያው አልተዘጋም፡፡ የዶላር እጥረት፣ እንዲሁም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የታየው የምንዛሪ ንረት፣ ከቻይናና ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጣውንም ሆነ ቁጠባው እንዳይሸረሸርበት የሚሰጋውን ወደ ዩኤስዲቲ ገፍቶታል፡፡ የሚሠራ ነገር መኖሩ እየታወቀ እንደሌለ አድርጎ ዝም ማለት ጀማሪውን ለአጭበርባሪ አሳልፎ ከመስጠት የተለየ አይደለም፡፡

ለመሆኑ ዝውውሩ የሚዘገየው ለምንድን ነው? የቢትኮይን መዝገብ በየአሥር ደቂቃው ገደማ እንደሚነሳ አንድ አይሱዙ ሊቆጠር ይችላል፡፡ መኪናው ብሎክ ይባላል፤ የሚይዘው ጭነትም የተወሰነ ነው፡፡ በአንድ ጊዜ የሚጫነው ከጥቂት ሺህ ዝውውር አይበልጥም፡፡ የዓለም ላኪ ሁሉ ለዚያች አንድ መኪና ይሰለፋል፡፡ ጫኞቹ ማይነሮች ናቸው፤ ቅድሚያ የሚሰጡትም ለቀደመው ሳይሆን በቦታ ልክ የተሻለ ለከፈለው ነው፡፡ ዋናው ነጥብ ይህ ነው፡፡ ክፍያው የሚሰላው በሚላከው ገንዘብ መጠን ሳይሆን ዝውውሩ በመኪናው ላይ በሚይዘው ቦታ ነው፡፡ ልክ እንደ ጆንያው፡፡

በቁጥር ይታይ፡፡ አንድ ቢትኮይን በ100 ሚሊዮን ሳቶሺ ይመነዘራል፡፡ ተራ ዝውውር 140 ባይት ያህል ቦታ ይይዛል፡፡ ገበያው ጸጥ ባለ ቀን ለአንድ ባይት 5 ሳቶሺ ቢከፈል ጠቅላላው 700 ሳቶሺ ነው፤ አንድ ቢትኮይን 100 ሺህ ዶላር ቢያወጣ 70 ሳንቲም መሆኑ ነው፡፡ ገበያው በተጨናነቀ ቀን ለአንድ ባይት 100 ሳቶሺ ከተጠየቀ ግን ያው ዝውውር 14 ዶላር ይፈጃል፡፡ 50 ዶላር የሚልክ ሰው ከሩብ በላይ ሊያጣ ነው፤ 50 ሺህ ዶላር የሚልከው ደግሞ ልብ አይለውም፡፡ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2024 የማይነሮች ሽልማት በግማሽ በቀነሰበት ዕለት አማካዩ ክፍያ ከ120 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር፡፡ በዚያን ቀን 100 ዶላር መላክ ማለት ከጭነቱ የበለጠ ለጫኙ መክፈል ማለት ነበር፡፡

ጀማሪውን የሚያስደነግጠው ሌላም ሒሳብ አለ፡፡ ትንሽ ትንሽ ቢትኮይን በሃያ ጊዜ ሲቀበል የከረመ ሰው ድምሩን በአንዴ ልላክ ሲል ክፍያው አሥር እጥፍ ያህል ይሆንበታል፡፡ ይህ ዘረፋ አይደለም፡፡ በሃያ ትናንሽ ጆንያ የመጣ ድንች በሃያ ጆንያ ነው የሚጫነው፡፡

ከዚህ ቀጥሎ መታወቅ ያለበት መዘግየት አንድ ሳይሆን ሦስት ዓይነት መሆኑ ነው፡፡ የመጀመሪያው ገንዘቡ ያለበት መገበያያ ድርጅት የራሱን ማጣሪያ እስኪጨርስ የሚወስደው ጊዜ ነው፡፡ በዚህ ጊዜ ዝውውሩ ገና ከመጋዘን አልወጣም፤ ወረፋም አልያዘም፡፡ ሁለተኛው የመዝገቡ ወረፋ ነው፡፡ ሦስተኛው ደግሞ ዝውውሩ ከተመዘገበ በኋላ ተቀባዩ ድርጅት ማረጋገጫ እስኪቆጥር የሚጠብቀው ነው፤ አንዳንዱ በአንድ ብሎክ፣ አንዳንዱ በሁለት፣ አንዳንዱ እስከ ስድስት ይቆጥራል፡፡ ስድስት ማለት በቢትኮይን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፡፡

የትኛው እንደሆነ የሚለየው የዝውውሩ መለያ ቁጥር ነው፡፡ ቁጥሩ ካልተሰጠ ችግሩ ያለው በላኪው ድርጅት ዘንድ ነው፡፡ ቁጥሩ ኖሮ በሕዝባዊው መዝገብ ላይ «አልተረጋገጠም» የሚል ከሆነ ወረፋ ነው፡፡ ተረጋግጦ ለተቀባዩ ካልታየው መጠየቅ ያለበት የተቀባዩ ድርጅት ነው፡፡ መዝገቡን ማንም በነጻ ሊያየው ይችላል፡፡ ይህን ሳያይ የሚጨቃጨቅ ሰው የመኪናውን ታርጋ ሳይዝ ጭነቴ የት ደረሰ እንደሚል ነጋዴ ነው፡፡

ወረፋ ላይ የቀረ ቢትኮይን መፍትሔ አለው፡፡ አንደኛው ትዕግሥት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ብዙ ጊዜ ወረፋው ይቀልላል፡፡ ሁለተኛው ቦርሳው የሚፈቅድ ከሆነ ያንኑ ዝውውር በተሻለ ክፍያ መተካት ነው፡፡ ሦስተኛው ተቀባዩ ገና ያልጸደቀውን ገንዘብ በከፍተኛ ክፍያ ወደ ራሱ ሌላ አድራሻ በማስተላለፍ ሁለቱን በአንድነት ማስጎተት ነው፡፡ ይህ ሁሉ ባይሆን እንኳ ብዙዎቹ የመረቡ ኮምፒውተሮች ለሁለት ሳምንት ያልተጫነን ዝውውር ከወረፋው ያወጡታል፤ ገንዘቡም ከላኪው እጅ እንዳልወጣ ይቆጠራል፡፡ ከዚህ ውጭ ገንዘብ ላክልኝና ላስለቅቅልህ የሚልን ሰው ማመን አይገባም፡፡ የቦርሳውን 12 ወይም 24 ቃላት ንገረኝ የሚል ደግሞ ረዳት ሳይሆን ሌባ ነው፡፡

በአዲስ አበባ አብዛኛው ጀማሪ የሚይዘው ግን ቢትኮይን ሳይሆን ዩኤስዲቲ ነው፡፡ ይህ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ዋጋው ከዶላር ጋር እንዲሄድ የተደረገ ገንዘብ ነው፡፡ አንዱ ዩኤስዲቲ በብዙ መንገድ ይጓዛል፤ በኢቴሪየም፣ በትሮን፣ በሌሎችም፡፡ ትሮን በየሦስት ሴኮንዱ ብሎክ ስለሚያወጣ ወረፋው አያሳስብም፡፡ ሰው የሚቸገረው በሌላ ነገር ነው፡፡ የትሮን ክፍያ የሚቆረጠው ከዩኤስዲቲው ሳይሆን ትሮንክስ ከሚባለው የመረቡ ገንዘብ ነው፡፡ 500 ዩኤስዲቲ በግል ቦርሳው ይዞ ትሮንክስ የሌለው ሰው መኪናውን ጭኖ ናፍጣ እንደሌለው ሹፌር ነው፤ አይንቀሳቀስም፡፡ ዩኤስዲቲ ኖሮት ለማያውቅ አድራሻ መላክም ከተለመደው ሁለት እጥፍ ያህል ይፈጃል፡፡ በኢቴሪየም በኩል ደግሞ ዝውውሩ ተጀምሮ ቢከሽፍ እንኳ ክፍያው አይመለስም፤ መኪናው ሄዶ ተመልሷልና፡፡

ከሁሉ የከፋው መንገድ መሳት ነው፡፡ ተቀባዩ በትሮን እጠብቃለሁ እያለ ላኪው ርካሽ መስሎ የታየውን ሌላ መረብ ከመረጠ ገንዘቡ ተቀባዩ በማያይበት ቦታ ሊያርፍ ይችላል፤ የሚያወጣለትም ባንክ የለም፡፡ ስለዚህ ትልቅ ገንዘብ ከመላክ በፊት በትንሽ መሞከር ይገባል፡፡ የሙከራው ክፍያ ውድ መስሎ ይታያል፤ በ10 ዶላር ላይ አንድ ዶላር መክፈል 10 በመቶ ነው፡፡ ነገር ግን ከኋላው የሚሄደው አንድ ሺህ ዶላር ከሆነ አንድ ዶላሯ የኢንሹራንስ ዋጋ ናት፡፡

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ ግን የሒሳቡ ትንሹ ክፍል ነው፡፡ ጀማሪው ስለ አንድ ዶላር የመረብ ክፍያ ሲከራከር ትልቁ ወጪ በብሩ በኩል ያመልጠዋል፡፡ አንድ ሺህ ዩኤስዲቲ በደላላ ሲገዛና ሲሸጥ በመግዣውና በመሸጫው መካከል በአንዱ ላይ የ3 ብር ልዩነት ብቻ ቢኖር 3 ሺህ ብር ጠፍቷል፡፡ ገንዘብ ገብቷል የሚል የሐሰት የባንክ መልእክት አይቶ ዩኤስዲቲውን የለቀቀ ሰው ደግሞ ሁሉንም ያጣል፤ የተለቀቀው አይመለስምና፡፡ መዝገቡ ለፈጣን ሌባም ለታማኝ ነጋዴም እኩል ይሠራል፡፡ የባንክ ሒሳብን ራስ ገብቶ ሳያዩ፣ የላኪውንም ስም ሳያመሳክሩ መልቀቅ አትክልት ተራ ውስጥ ብሩን ሳይቆጥሩ ጭነት ማስረከብ ነው፡፡

ባንኩስ ርካሽ ነው ወይ የሚል ይኖራል፡፡ ተገቢ ጥያቄ ነው፡፡ የዓለም ባንክ በሚያወጣው ሒሳብ መሠረት 200 ዶላር ከአገር ወደ አገር ለመላክ የሚጠየቀው አማካይ ወጪ ከ6 በመቶ በላይ ነው፡፡ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ግብ አስቀምጧል፡፡ ከዋሽንግተን ወይም ከሪያድ ለእናቱ የሚልክ ልጅ አማራጭ ቢፈልግ አይፈረድበትም፡፡ ይሁንና የሀዋላው 6 በመቶ ደረሰኝ አለው፤ ስህተት ቢፈጠር የሚጠየቅ ድርጅትም አለው፡፡ በስልክ የመጣው ርካሽ መንገድ ሁለቱም የሉትም፡፡ ለዕቃ መግዣ የተያዘ ካፒታል፣ በተለይም የብድር ገንዘብ፣ በዚህ መንገድ መግባት የለበትም የሚባለው ለዚህ ነው፡፡

የመንግሥት አካላትም ድርሻ አለባቸው፡፡ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለማይኒንግ ድርጅቶች ኃይል ሸጦ የውጭ ምንዛሪ ያገኛል፡፡ ይህ መጥፎ አይደለም፡፡ ነገር ግን ጫኙን በመብራት እያገለገሉ ጭነት የላከውን ዜጋ በጨለማ መተው ሚዛን ይጎድለዋል፡፡ ክልክል ከሆነ ክልከላው ከነምክንያቱ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ፣ ደጋግሞ ይነገር፡፡ ሊፈቀድ የሚችል ከሆነ ማን፣ በምን ቅድመ ሁኔታ፣ በማን ቁጥጥር ሥር እንደሚሠራ መመሪያው ይታወቅ፡፡ በሁለቱም በኩል ግን የተጭበረበረ ሰው እከሰሳለሁ ብሎ ሳይፈራ ለፖሊስ የሚያመለክትበት በር መከፈት አለበት፡፡ አሁን የሚጠቀመው የተበዳዩን ፍርሃት የሚያውቀው አጭበርባሪ ብቻ ነው፡፡

የሀይሌ ጋርመንት ነጋዴ ይህን ሁሉ ለመረዳት አዲስ ትምህርት ቤት አያስፈልገውም፡፡ ጆንያ መቁጠር፣ ታርጋ መያዝ፣ ተራ መጠበቅና ብሩን ሳይቆጥር አለማስረከብ ያውቅበታል፡፡ የጎደለው ያንኑ ጥንቃቄ ወደ ስልኩ ይዞ መግባት ነው፡፡ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፡፡ በዚህ ገበያ ግን አንዴ የፈሰሰ አይለቀምም፡፡