መቅበርም መንከባከብ ነው

በምሥራቅ ህንድ ኦዲሻ ግዛት፣ ፑሪ በተባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ የጃጋናት ቤተ መቅደስ አገልጋዮች ከእንጨት የተቀረጹትን ዋና ዋና የአማልክት ምስሎች ይቀብራሉ። አርጅተዋልና። ይህን ሲሰማ ራሱን የሚይዝ የቅርስ ተቆርቋሪ አይጠፋም፦ «ለምን ሙዚየም አይገቡም?» ጥያቄው የተማረ ሰው ይመስላል እንጂ ስለ እንጨትም ስለ እምነትም ብዙ አያውቅም።

እንጨት ድንጋይ አይደለም። ከተማዋ ያለችው በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳር ነው፤ ጨዋማ ነፋስ፣ ከባድ ዝናብ፣ እርጥበት። በዚያ ላይ ምስሎቹ በየዓመቱ ከሠረገላው በዓል በፊት በ108 እንስራ ውሃ ይታጠባሉ። ከዚያ «ታመሙ» ተብሎ ለሁለት ሳምንት ያህል ከሕዝብ ዓይን ይሰወራሉ፤ መድኃኒት ይደረግላቸዋል፣ ቀለማቸው ይታደሳል። ለአማኙ ሕመም ነው፤ ለአናጺ ዓመታዊ ጥገና።

ጥገናው ዘላለም አይሠራም። ስለዚህ አሻዳ የሚሉት ወር በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ሲውል፣ ማለትም ከ8 እስከ 19 ዓመት ባለው ልዩነት፣ «ናባካሌባራ» ይደረጋል፤ አዲስ አካል ማለት ነው። የቅርብ ጊዜዎቹ በ1996 እና በ2015 እ.ኤ.አ. ተከናውነዋል። ዛፉ ኒም ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ለጥላ የሚተከለው ያው ኒም፣ ምሬቱ ነፍሳትን የሚያርቀው። ግን የተገኘው ሁሉ አይቆረጥም። መብረቅ ያልመታው፣ ቅርንጫፉ ያልተቆረጠ፣ ወፍ ጎጆ ያልሠራበት፣ ከሥሩ ኩይሳና የእባብ ጉድጓድ ያለው፣ ወንዝና የሬሳ ማቃጠያ ቦታ የሚቀርበው መሆን አለበት። ተረት ነው የሚል ካለ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስፈርቶች ለአንድ ጥሩ እንጨት ሠሪ ያንብብለት።

ቅርጹ የሚሠራው በዝግ በር ነው። ሲያልቅ «ብራህማ» የሚሉት ነገር ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይዛወራል። የሚያዛውረው ሰው ዓይኑ ይታሰራል፣ እጁ በጨርቅ ይጠቀለላል፤ የያዘውን እሱም አያይም። አሮጌዎቹ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ኮይሊ ባይኩንታ በተባለው ሥፍራ ይቀበራሉ። ዳይታ የሚባሉት አገልጋዮች ዘመድ እንደሞተበት ሰው ሐዘን ይቀመጣሉ፣ ፀጉራቸውን ይላጫሉ። ሙቀትና እርጥበት የሚለካ መሣሪያ ለተበላሸ ቅርስ የሚያለቅስ ሙዚየም የትኛው ነው?

ያልተቀበረው ምን እንደሚገጥመው ደግሞ ደቡብ ህንድ ላይ ታይቷል። ያረጁ የቤተ መቅደስ ሠረገላዎች ሲፈርሱ አማልክት የተቀረጹባቸው ሳንቃዎች ወደ ጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ ሄዱ፤ ዛሬ በባዕድ አገር ሳሎን የግድግዳ ጌጥ የሆኑ አሉ። በ1972ቱ የህንድ ሕግ አንድ ቅርጽ ጥንታዊ ቅርስ ለመባል ቢያንስ 100 ዓመት ሊሞላው ይገባል። የፑሪዎቹ 20 እንኳ አይሞላቸውም። ሌባም ደላላም የሚጠብቀው ዕድሜ ላይ ሳይደርሱ አፈር ይገባሉ። የሚተርፈው ግን ትልቅ ነው፤ ዛፉን የሚመርጥ ዓይን፣ የሚቀርጽ እጅ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚያልፍ ሥራ። መስታወት ሣጥን ውስጥ ያለ ምስል ሠሪ አያስፈልገውም፤ ሠሪው ሲሞት ሙያውም አብሮት ይሄዳል።

ፑሪ ላይ ሁሉ ነገር ቅዱስ ነው የሚል የለም። በ2015 በሌሊት ማለቅ የነበረበት ዝውውር በአገልጋዮች ንትርክ ተጓትቶ ለቀን ተረፈ፤ ግዛቱም በቁጣ ታመሰ። ልብ በሉ፣ ያ ሁሉ ቁጣ ምስል ተሰበረ ተብሎ አልነበረም። የተጣሰው ሥርዓቱ ነበር፣ ሕዝቡም ልዩነቱን ያውቃል።

ተቆርቋሪው በእርግጥ ከልቡ ከሆነ የሚጮህበት ሌላ ጉዳይ አለ። በየዓመቱ አዲስ ለሚሠሩት ሦስት ሠረገላዎች የሚሆን እንጨት ከኦዲሻ ደን እየተመናመነ ነው፤ መንግሥት ለዚሁ ብሎ ዛፍ እስከ ማስተከል ደርሷል። ዛሬ የተተከለው ለሠረገላ እስኪደርስ ደግሞ አሥርት ዓመታት ይፈልጋል።