ስለ ቢራቢሮዎች ሸለቆና ስለ እንግዳው ፎቶግራፍ

በግሪክ ባሕር ውስጥ፥ ከታናሽ እስያ ዳርቻ ብዙ ሳይርቅ፥ ሮድስ የሚባል ደሴት አለ። ከዋናው ከተማ 25 ኪሎሜትር ያህል ርቆ አንድ ጠባብ ሸለቆ ይገኛል፤ ያገሩም ሰዎች ፔታሉዴስ ይሉታል፥ ትርጓሜውም ቢራቢሮዎች ማለት ነው። በኢትዮጵያ ክረምት በሚሆንበት ወራት በዚያ ደሴት ዝናብ የለም፤ ምድሩ ይደርቃል፥ ፀሓዩም ያቃጥላል። በዚያን ጊዜ እጅግ ብዙ ትንንሽ በራሪዎች ጥላና እርጥበት ፈልገው ወደዚህ ሸለቆ ይሰበሰባሉ። በሸለቆው ውስጥ ወንዝ ይወርዳል፤ ሙጫው መልካም ሽታ ያለው ዛፍም በዝቶ በቅሎበታል። በራሪዎቹ በዛፉ ግንድና በቋጥኙ ላይ ተለጥፈው እስከ መስከረም ድረስ ያርፋሉ።

ሸለቆው የቢራቢሮዎች ይባል እንጂ እነዚህ በእውነቱ ከእሳት እራት ወገን ናቸው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1761 ዓ.ም. ፖዳ የሚባል የኦስትሪያ ሊቅ «ባለ አራት ነጥብ» የሚል የላቲን ስም አውጥቶላቸዋል። ውበታቸው ግን በክንፋቸው ነው። የፊት ክንፎቻቸው ጥቁር ሆነው እንደ ወተት የነጣ መስመር አለባቸው፤ የኋላ ክንፎቻቸው ግን ቀይ ናቸው። በራሪው ባረፈ ጊዜ የፊቱን ክንፍ እንደ ጋቢ በላዩ ይደርበዋል፥ ቀዩም ይሸፈናል። ቀዩ የሚታየው ሲበርር ነው።

ክፋቱም የመጣው ከዚሁ ነው። ከሩቅ አገር ለዕረፍት የመጣ እንግዳ ወደ ሸለቆው በገባ ጊዜ የሚያየው ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ ለወዳጆቹ ሊያሳያቸው የሚወደው ግን ቀዩን ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ ማንሻውን አዘጋጅቶ ያጨበጭባል፥ ያፏጫል፥ ግንዱንም ይመታል። በራሪዎቹ ደንግጠው በአንድነት ይነሣሉ፤ አየሩም ፍም የተበተነበት ይመስላል። እንግዳው ፎቶግራፉን አንሥቶ፥ ደስ ብሎት ይሄዳል። ወደ አገሩም በተመለሰ ጊዜ ዘመድና ጎረቤት ሰብስቦ ያሳያል፤ አሁን በእጅ ስልክ ዘመን ደግሞ ገና ከሸለቆው ሳይወጣ ለብዙ ሰው ይልከዋል።

በራሪዎቹ ግን በዚያ ቦታ የተቀመጡት ሥራ ፈትተው አይደለም። ገና አባ ጨጓሬ ሳሉ ቅጠል በልተው በሰውነታቸው ውስጥ ስብ አከማችተዋል። በሸለቆው ውስጥ ሳሉ የሚኖሩት በዚያ ስብ ነው፤ እስከ ነሐሴ መጨረሻም ሊያቆያቸው ይገባል። ከዚያ በኋላ ወንዱና ሴቷ ይገናኛሉ፤ ሴቶቹም ከሸለቆው ወጥተው በርረው እንቁላላቸውን በሌላ ስፍራ ይጥላሉ፥ ከዚያም ይሞታሉ። ደንግጦ በተነሣ ቁጥር በራሪው ከስቡ ይጨርሳል። ስቡ ያለ ጊዜው ካለቀ እንቁላል ሳይጣል ይቀራል፤ የሚመጣው ዓመት ትውልድም ከዚያው ይጎድላል። ስለዚህ በሸለቆው ማጨብጨብና መጮኽ ተከልክሏል።

ነገር ግን ብዙ ሰው «አንድ ጊዜ ባጨበጭብ ምን ይጎዳል?» ይላል። አንድ ገበሬ አዲሱ እህል እስኪደርስ ድረስ ልጆቹን የሚመግብበት ጎተራ አለው እንበል። በደጁ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ «አንድ እፍኝ ብወስድ ምን ይጎድልበታል?» እያለ ቢዘግን፥ ከመንገደኞቹ አንዱ እንኳ ሌባ ነኝ ሳይል የገበሬው ልጆች በነሐሴ ይራባሉ። ወደ ሮድስ የሚሄደው እንግዳ አንድ ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ ሌላ ይመጣል፥ እያንዳንዱም የሚያጨበጭበው አንድ ጊዜ ነው።

ሌላም ምክንያት የሚያቀርብ አለ፤ ገንዘብ ከፍሎ፥ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው የመጣበትን ነገር ሳያይ ይመለስን? ይላል። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም፥ የማየት ምኞት መልካም ነውና። ዳሩ ግን በዚያ ሸለቆ ድንቅ የሆነው ነገር ይህን ያህል ፍጥረት በአንድ ግንድ ላይ ተደራርቦ ዝም ብሎ ማደሩ ነው፤ የሚበርርማ በየሜዳው ይበርራል። ደግሞም ታግሦ ለተቀመጠ ሰው፥ ከብዙዎቹ አንዱ ቦታ ሊለውጥ በገዛ ፈቃዱ ክንፉን ይከፍታል፤ ቀዩም ለአንድ ዐይን ጥቅሻ ያህል ይታያል።

ከማጨብጨቡ ይልቅ የሚከፋው ግን ፎቶግራፉን ማሳየቱ ነው። ድምፁ በሸለቆው ውስጥ ቶሎ ይጠፋል፤ ፎቶግራፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። የቀላውን አየር ያየ ሰው «ይህ እንዴት ተገኘ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም ሰምቶ በሚመጣው ዓመት ሄዶ እንዲሁ ያደርጋል። እንግዲህ አንድ ሰው ወዳጆቹን ሲያስደስት አጨብጫቢዎችን አስተምሯል ማለት ነው። ያረፉትን በራሪዎች ብቻ አንሥቶ የመጣ ሰውም ይጠየቃል፤ «ቀዩስ ወዴት አለ?» ይሉታል። እርሱም ስለ ስቡና ስለ እንቁላሉ ይነግራቸዋል። የዚህ ሰው ፎቶግራፍ ለዐይን ደብዛዛ ቢሆንም ከዚያኛው ይበልጣል።

እንዲህ ያለ ነገር በሌላ አገር፥ በማሌዢያም አለ። በዚያ በሰላንጎር ወንዝ ዳር ባሉት ዛፎች ላይ ትንንሽ ጥንዚዛዎች በሌሊት ይሰበሰባሉ፤ ወንዶቹም ሴቶቹን ለመጥራት ሁሉም በአንድነት ብልጭ ድርግም ይላሉ። ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች በጀልባ ተቀምጠው በጨለማ ይጠጓቸዋል። የፎቶግራፍ መብራት ጥሪያቸውን ስለሚያውክ ማብራት አይፈቀድም። ያለ መብራት በእጅ ስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ከዚያ የተመለሰ ሰው ያየውን በአፉ ይተርካል፥ ልጆቹም ተሰብስበው ያዳምጡታል።