ልጁ «ጠይ» ሲል ምላሱ የት ነው?

ዛሬ የማወጋችሁ በእኛው ቤት ስለሆነ ነገር ነው። ጥፋቱም ከእኔው ይጀምራል።

የልጄ ልጅ ሦስት ዓመት ከመንፈቁ ነው። «ቀይ»ን «ጠይ»፣ «ከረሜላ»ን «ተረሜላ»፣ «ጋሼ»ን «ዳሼ» ይላል። ሲኮላተፍ ደስ ስለሚለን እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ቀይ በል!» እንለው ነበር። እሱ «ጠይ!» ሲል ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። አንድ ቀን ግን እንግዳ ሲገባ ከሶፋው ጀርባ ተደበቀ። ብጠራው አፉን በመዳፉ ከደነ። በዚያው ሰሞን አንዲት ጎረቤታችን «ምላሱ ታስሮ ነው፤ ከሥሩ በምላጭ ቢነካለት ይፈታል» ብላ መከረች። እናቱም ማመንታት ጀመረች።

ያን ጊዜ ነው ሳቄን ትቼ ልጁ ምን እያደረገ እንደሆነ በደንብ ያዳመጥኩት።

ስንናገር ከሳንባ የሚወጣው አየር በማንቁርት በኩል ያልፍና በአፍ ወይም በአፍንጫ ይወጣል። በመንገዱ ላይ ምላስና ከንፈር እየዘጉና እያጠበቡ ድምፅ ያደርጉታል። የቋንቋ ሊቃውንት ተናባቢ ድምፆችን ሲመድቡ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። አየሩ የት ላይ ተያዘ? እንዴት አለፈ? ጉሮሮስ ይነዝራል ወይስ አይነዝርም?

እናንተም ቤታችሁ ሆናችሁ ሞክሩት። ጣታችሁን ጉሯችሁ ላይ አድርጉና «ስስስ» ከዚያ «ዝዝዝ» በሉ። ሁለተኛው ላይ ጣታችሁ ንዝረት ይሰማዋል፤ ነዛሪ የሚባለው ይህ ነው። አፍንጫችሁን ይዛችሁ «ምምም» ለማለት ብትሞክሩ ድምፁ ይታፈናል፤ አየሩ የሚወጣው በአፍንጫ ነውና። አሁን ደግሞ ትንፋሻችሁን ያዙና «ጥ፣ ጥ፣ ጥ» በሉ። ይወጣል! «ስስስ» ብላችሁ ማስረዘም ግን አትችሉም። ጥ፣ ቅ፣ ጭ፣ ጽ እና ጵ ማንቁርት ተዘግቶ አፍ ውስጥ በታመቀው አየር የሚወጡ ድምፆች ናቸው። ስለዚህም ፈንጂ ይባላሉ።

በፊደል ገበታ ላይ ተራርቀው ቢቀመጡም አፍ ውስጥ ጎረቤት የሆኑ ሦስት ሦስት ድምፆች አሉ። ት፣ ድ፣ ጥ የሚሠሩት የምላስ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ሲነካ ነው። ክ፣ ግ፣ ቅ የሚሠሩት ደግሞ የምላስ ጀርባ ወደ ኋላ ተነሥቶ ትናጋን ሲነካ ነው።

እንግዲህ የልጁን ስህተት ተመልከቱ። ክ ት ሆነ፣ ግ ድ ሆነ፣ ቅ ጥ ሆነ። ነዛሪውን በነዛሪ፣ ፈንጂውን በፈንጂ ነው የተካው። አንድም አላዛነፈም! የሳተው ቦታውን ብቻ ነው፤ ከኋላ መሠራት ያለበትን ከፊት ይሠራዋል። የከንፈር ድምፆችን በዓይኑ እያየ ይማራል፤ «እማ» እና «አባ» ቶሎ የሚመጡትም ያለ ነገር አይደለም። የቅ ቦታ ግን ከአፍ በስተኋላ ስለሆነ አይታየውም። ብዙ ልጆች በዚህ ያልፋሉ፤ አብዛኞቹም እስከ አራት ዓመት ገደማ ይተዉታል።

የምላጩ ምክርም እዚሁ ላይ ወደቀ። ጥ ለማለት የምላስ ጫፍ መነሣት አለበት። «ጠይ» የሚል ልጅ የምላሱን ጫፍ ማንሣት ይችላል ማለት ነው! ከምላስ ሥር ያለውን ጅማት መቁረጥ ከኋላ ለሚሠራው ቅ አንዳች አይጠቅምም። ትርፉ መድማት፣ መመርቀዝና የቴታነስ ስጋት ነው። ጅማቱ በእርግጥ አጥሮ ሕፃን ጡት መያዝ ወይም ምላሱን ማንሣት ቢያቅተው እንኳ የሚወስነው ሐኪም ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? «ጠይ ኳስ» ሲል «አዎ፣ ቀይ ኳስ ነው» ብላችሁ በትክክል መልሱለትና ጨዋታውን ቀጥሉ። «ድገም» አትበሉት። ሲጫወት በጀርባው አስተኝታችሁ «ክ፣ ክ» እያላችሁ አጫውቱት፤ ሲንጋለል ምላሱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ቦታውን ማግኘት ይቀለዋል። ጸሎትን «ጠሎት» የሚል ልጅ ካላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ራሳችሁን አዳምጡ፤ እንዲህ የሚባልበት አገር ብዙ ነው፤ ልጁ የሰማውን ነው የተናገረው።

ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶችም አሉ። ልጁ ከጀርባው ሲጠሩት የማይዞር፣ ወይም ጆሮው መግል የሚያወጣ ከሆነ መስማቱ ይመርመር፤ ያልሰማውን ድምፅ መናገር አይችልምና። በዓመቱ «ባባ፣ ዳዳ» የማይል፣ በዓመት ከመንፈቁ አንድም ቃል የሌለው፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል የማያገናኝ፣ በአራት ዓመቱ ባዳ ሰው ንግግሩን የማይረዳው፣ የነበረው ቃል የጠፋበት ልጅም ይታይ። ሕፃን ሲጠባ ወተቱ በአፍንጫው የሚመለስ ከሆነም ላንቃው መታየት አለበት።

የኛን ልጅ ጆሮ አስመርምረናል፤ ደህና ነው። ምላጩም ቀርቷል። በቤታችን «እስቲ ቀይ በል» ማለት ከተከለከለ ሁለት ወር ሆነ። ባለፈው እሁድ እንግዶች ሲገቡ ከሶፋው ጀርባ አልሄደም። ኳሱን ይዞ መሐል ቆመና «ይሄ የኔ ነው፤ ጠይ ነው!» አለ።

ማንም አልሳቀም። «አዎ የኔ ጌታ፣ ቀይ ነው» አልኩት።