«ትራፊክ አለ» ማለት ወንጀል ነው?

ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ የሚነዳ ሾፌር ከፊቱ የሚመጣው መኪና መብራቱን ሁለት ሦስቴ ብልጭ ካደረገለት ምን እንደተባለ ለመረዳት ማንንም አይጠይቅም። እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያነሳል፤ ትቶት የነበረውን ቀበቶ ስቦ ያስራል፤ ስልኩን ከጆሮው ያወርዳል። ጥቂት እንደሄደ ከግራር ጥላ ሥር ራዳር ይዞ የቆመ ትራፊክ ያያል። «ተባረክ!» ይላል፣ ስሙንም መልኩንም ለማያውቀው ሰው። ቀጥሎ እሱም በተራው ከፊቱ ለሚመጣው ብልጭ ያደርጋል። ማንም ያላዘዘው፣ ማንም የማይከፍልበት ውለታ ከመኪና ወደ መኪና እየተቀባበለ መንገዱን ያዳርሳል።

ይህ ውለታ በሕግ ዓይን ሲታይ ምንድን ነው? ጥያቄው ለጨዋታ የተነሳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም እንግሊዝ አገር ከመቶ ዓመት በፊት፣ አሜሪካ ደግሞ በቅርቡ፣ ዳኞች ተሰይመው የመረመሩት፣ ጠበቆች የተፋለሙበት ጉዳይ ነው። እኔም የራሴ አቋም አለኝ። መብራት ብልጭ ያደረገ ሾፌር መቀጣት የለበትም። ደግ ሠርቷል ወይስ ክፉ የሚለው ግን ከቅጣቱ የተለየ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከፊት ያለው ፖሊስ በሚፈልገው ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ከአሜሪካው ልጀምር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2012 ሚዙሪ ውስጥ፣ ከሴንት ሉዊስ ወጣ ብላ በምትገኘው ኤሊስቪል በተባለች ከተማ፣ አንድ ሾፌር የፍጥነት ቁጥጥር አልፎ ሲሄድ ከፊቱ ለሚመጡት መብራቱን ብልጭ አደረገ። ፖሊስ አስቆመውና ክስ ጻፈበት። ቅጣቱ እስከ 1,000 ዶላር ሊደርስ እንደሚችልም ተነገረው። ክሱ በኋላ ቢነሳም ሰውዬው በዚያ አላበቃም፤ የሲቪል መብት ጠበቆች ይዞ ከተማዋን ፌዴራል ፍርድ ቤት ገተራት።

ጉዳዩን የያዙት ዳኛ ሄንሪ ኦትሪ በፌብሩዋሪ 2014 ከተማዋ እንዲህ ያሉ ሾፌሮችን እንዳትከስ የሚያግድ ትእዛዝ ሰጡ። ምክንያታቸው ቀላል ነው። መብራቱ የሚያስተላልፈው መልእክት «ሕጉን አክብር» የሚል ነው፤ ፍጥነት ቀንስ፣ ሲመሽ መብራትህን አብራ፣ ተጠንቀቅ። ሰውን ወደ ሕግ የሚመልስ መልእክት እንዴት ወንጀል ይሆናል? ፍሎሪዳም ውስጥ ሴሚኖል በተባለው አውራጃ አንድ ዳኛ በ2012 ተመሳሳይ አቋም ይዘዋል፤ መብራት ብልጭ ማድረግ በሕገ መንግሥቱ የሚጠበቅ ንግግር ነው ብለዋል። የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎችም ሕጉን አሻሽለው ከጃንዋሪ 2013 ጀምሮ ድርጊቱን በግልጽ ፈቀዱ።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን የኮኔቲከቱ ጉዳይ ነው። በ2018 ስታምፎርድ ከተማ ውስጥ ፖሊሶች እየነዱ ስልክ የሚነካኩ ሾፌሮችን አድፍጠው ይይዙ ነበር። አንድ ሰው «ፖሊስ ከፊት አለ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ይዞ ከፖሊሶቹ ፈንጠር ብሎ እግረኛ መንገድ ላይ ቆመ። ወረቀቱን ነጥቀው አሰሩት፤ የፖሊስን ሥራ አደናቅፏል ተብሎም ተከሰሰ። ዐቃቤ ሕጉ ግን ክሱን ሳይገፋበት ተወው። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ሾፌሮቹ ጽሑፉን እያዩ ስልካቸውን ያስቀምጡ ስለነበር ሰውዬው ፖሊሶቹን በሥራቸው አግዟቸዋል አለ። በ2023 ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤት የሰውዬው የመናገር መብት ተጥሷል ሲል ወሰነ።

እዚህ ላይ ባሕር ማዶ ለሚነዱ ወገኖቼ አንድ ማሳሰቢያ ጣል ላድርግ። የአንድ ዳኛ ውሳኔ አሜሪካን በሙሉ አይገዛም። ከግዛት ግዛት ከባድ መኪና የሚያሽከረክር ሐበሻ የሚዙሪን ውሳኔ ኪሱ ከትቶ በሌላ ግዛት ፖሊስ ፊት ጠበቃ ልሁን ቢል ላያዋጣው ይችላል። የዋሽንግተን ዲሲና የቨርጂኒያ ነዋሪዎች እንደሚያውቁት በእነዚያ አካባቢዎች ራዳር ጠቋሚ መሣሪያ መጠቀም እንኳ ክልክል ነው።

እንግሊዞቹ ክርክሩን የጀመሩት መኪና ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ነው። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 20 ማይል፣ ማለትም 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ፖሊሶች ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቀው፣ ሰዓት ይዘው፣ በተለካ ርቀት ላይ ሾፌር ያጠምዱ ነበር። በ1905 የተመሠረተው አውቶሞቢል አሶሲዬሽን የተባለው የባለመኪኖች ማኅበር በብስክሌት የሚዘዋወሩ ጠባቂዎች አሰማርቶ አባላቱን ማስጠንቀቅ ያዘ። ነገሩ ችሎት ደረሰ። በመጀመሪያው ጉዳይ ዳኞቹ ከልክ በላይ ይነዳ የነበረ ሾፌር መኖሩ አልተረጋገጠምና ያስጠነቀቁት ሰዎች ጥፋተኛ አይደሉም አሉ። በቀጣዩ ጉዳይ ግን ሾፌሮቹ ሲያስጠነቅቃቸው እየበረሩ እንደነበር ስለተረጋገጠ የማኅበሩ ጠባቂ የፖሊስን ሥራ በማደናቀፍ ተፈረደበት።

ማኅበሩ ታዲያ መላ ዘየደ። ጠባቂዎቹ የማኅበሩን አርማ የለጠፈ መኪና ባዩ ቁጥር እጃቸውን አንስተው ሰላምታ ይሰጡ ነበር። አባላቱ «ጠባቂው ሰላም ካላላችሁ ቁሙና ምክንያቱን ጠይቁት» ተባሉ። ከዚያ ወዲያ ወጥመድ ሲኖር ጠባቂው ዝም ይላል። ሰላም አላልክም ብሎ የሚከስ ፖሊስ፣ የሚቀጣ ዳኛ ከየት ይምጣ? ሰው ለሰው ሊነግረው የቆረጠውን ነገር ሕግ ጨርሶ ሊያፍነው እንደማይችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

እነዚህን ፍርዶች ጎን ለጎን ሳያቸው ዳኞቹ ሁሉ የፈረዱት በፍጥነትና በስልክ ጉዳይ መሆኑን አስተውላለሁ። ፍጥነት ሾፌሩ እዚያው ሊያርመው የሚችለው ጥፋት ነው። ብልጭታውን አይቶ ከ100 ወደ 80 ከወረደ ጥፋቱ ቆሟል፤ ትራፊኩ ሊያሳካው የተሰማራበት ዓላማ ያለ ቅጣት ወረቀት ተፈጽሟል። ስልክም እንደዚሁ ነው፤ ካስቀመጡት አበቃ።

የሰከረ ሾፌርስ? ብልጭታውን ቢያይ በሁለት ኪሎ ሜትር ውስጥ ስካሩ አይለቀውም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ወደ ውስጥ መንገድ መታጠፍ፣ ወይም ጥግ ይዞ ፍተሻው እስኪነሳ መጠበቅ ነው። ሰው ገጭቶ ያመለጠም፣ የተሰረቀ መኪና የሚነዳም እንዲሁ። ለእነዚህ ማስጠንቀቂያው ጥፋታቸውን አያርምላቸውም፤ ማምለጫ ያሳያቸዋል እንጂ።

ይህን ልዩነት በሕግ አስፍረው ያየሁት ፈረንሳዮችን ነው። ከኖቬምበር 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት ባለሥልጣናት የመንገድ መሪ መተግበሪያዎች የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ፍተሻ ያለበትን ቦታ ለተወሰነ ጊዜ እንዳይጠቁሙ ማዘዝ ይችላሉ። ለአልኮል ፍተሻ እስከ ሁለት ሰዓት፣ በከባድ ወንጀል የሚፈለግ ሰው ሲታደን እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት። የፍጥነት ራዳር ግን በእገዳው ውስጥ አልገባም። በ2019 የኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ ዌዝ የተባለው መተግበሪያ የስካር ፍተሻ ቦታዎችን መጠቆሙን እንዲያቆም ለጉግል ደብዳቤ ሲጽፍም ያሳሰበው ይኸው ነገር ነበር።

በእኛ አገር መንገድ ደግሞ አንድ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል፤ ትርፍ መጫን። ከአዳማ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። በወንበሮቹ መሐል ዱካ ተደርድሮ ሰው ተጭኖበታል። ከፊት የሚመጣ አይሱዙ ብልጭ ሲያደርግ ሾፌሩ ወደ ረዳቱ ዘወር አለ፤ ረዳቱም «ዱካ ላይ ያላችሁ ጎንበስ በሉ!» ብሎ ጮኸ። አጠገቤ ዘንቢላቸውን አቅፈው የተቀመጡ እናት ግራ ተጋብተው፣ «ልጄ፣ ሙሉ ሒሳብ ከፍዬ ምን አጠፋሁና ነው የምደበቀው?» አሉት። «እማማ፣ ለአንድ ደቂቃ ነው፤ ትራፊኩን እንለፍና ቀና ይላሉ» አላቸው። እናትየው ነጠላቸውን ተከናንበው አቀረቀሩ። ትራፊኩ ወደ ውስጥ አጮልቆ ሳያይ እጁን አወዛወዘ፤ አለፍን። መኪናው ውስጥ የቀነሰ ሰው አልነበረም። ቢገለበጥ ኖሮ ዱካ ላይ የነበሩት ቀበቶ የላቸው፣ መደገፊያ የላቸው። ያ የአይሱዙ ሾፌር ያገዘው የሚኒባሱን ባለቤት ኪስ እንጂ እኚያን እናት አልነበረም።

«ሾፌሩ ብልጭታውን አይቶ ፍጥነት የሚቀንሰው ትራፊኩን እስኪያልፍ ብቻ ነው፤ ከዚያ መልሶ ይለቀዋል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ ቀላል ነገርም አይደለም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የሚሸከመው ጉልበት በ60 ከሚሄደው በ78 በመቶ ገደማ ይበልጣል። የሚገጨው እግረኛ ዕጣ በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው፤ አገራችንም በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በመኪና አደጋ ታጣለች። ይሁን እንጂ ይህ ድክመት የመጣው ከመብራቱ አይደለም፤ ቁጥጥሩ አንድ ዛፍ ሥር የተተከለ ከመሆኑ ነው። እንግሊዝና ጣሊያን በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን አማካይ ፍጥነት የሚለኩ ካሜራዎች ይጠቀማሉ። መኪናው መጀመሪያውን ሲያልፍ ይመዘገባል፣ መጨረሻውን ሲያልፍ ይመዘገባል፤ መሐል ላይ ማንም ቢያበራልህ ለውጥ የለውም። ካሜራው እስኪመጣ ትራፊኩ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ቦታ ቢቀይር እንኳ የብልጭታው ዕድሜ ያጥራል።

ሾፌሮቻችን መብራት የሚለዋወጡበትን ሌላ ምክንያትም ችላ ማለት አይገባም። ትራፊኩን የሚያዩት ሕይወታቸውን እንደሚጠብቅ ሰው ሳይሆን ከኪሳቸው ሊወስድ እንዳደፈጠ ሰው ነው። ቁልቁለት ጨርሶ ሜዳ ሲይዝ የሚለቀውን ሾፌር ለመያዝ ሜዳው ላይ መደበቅ ቀላል ነው፤ አደጋ የሚበዛው ግን ትምህርት ቤቱ በርና የገበያው መሻገሪያ ላይ ነው። ትራፊኩ እዚያ፣ በግልጽ ቢቆም ማንም ብልጭ ቢያደርግ ቅር አይለውም፤ ሁሉም ቀስ እንዲል ነዋ የቆመው።

ጉዳዩ እኛ ችሎት ቢቀርብ ጠበቃው ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን በመረጡት መንገድ የመግለጽ ነፃነት ይሰጣል። ከዚያም በላይ ይኸው መብራት ከብት መንገድ እንደገባ፣ ጋሪ እንደተገለበጠ፣ ጭነት መኪና ተበላሽቶ ድንጋይና ቅጠል ከኋላው እንደተደረደረ የሚነገርበት ነው። ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ ነፍስ የሚያተርፈው ይህ ልማድ ነው። አንዱን ብልጭታ ከሌላው ለይቶ የሚቀጣ ሕግ ቢወጣ የሚሸማቀቀው ሾፌር ከብቱንም፣ የተበላሸውን መኪናም ለማመልከት ይፈራል። ስለዚህ ሕጉ እጁን ይሰብስብ።

ሕግ የማይደርስበትን ደግሞ ሾፌሩ ራሱ ይዳኝ። ፍተሻውን አልፈኸው ስለመጣህ ምን እንደሚፈልግ ታውቃለህ። ራዳር ከሆነ አብራ፤ ከፊትህ የሚመጣው ቀስ ይበል። ትንፋሽ የሚለካ፣ ተሳፋሪ የሚቆጥር ወይም ተፈላጊ ወንጀለኛ የሚያድን ከሆነ ግን መብራትህን ሳትነካ እለፍ።