በመዝገብ ማዳን ወይስ በመዝገብ መቅበር?

“በመዝገብ ማዳን” የሚባል አነጋገር ከተለመደ ሰንብቷል። መንገድ ወይም ሕንፃ በታቀደበት ቦታ ላይ ጥንታዊ ቅርስ ሲገኝ የአርኪዎሎጂ ባለሙያዎች ይጠራሉ፤ ይቆፍራሉ፤ ይለካሉ፤ ፎቶግራፍ ያነሣሉ። ከዚያ በኋላ ቅርሱ “ድኗል” ይባልና ቡልዶዘሩ ይገባል። ቃላትን መመዘን ሥራዬ ነውና፣ “ማዳን” የሚለው ቃል እዚህ ምን እንደሚሠራ ልጠይቅ።

ምስክሬ ከወደ አየርላንድ ነው። ከደብሊን በስተደቡብ የነበረው የካሪክማይንስ ግንብ፣ “ፔይል” በተባለው የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ግዛት ወሰን ላይ የቆመ፣ የዋልሽ ቤተሰብ የተመሸገ መኖሪያ ነበር። ለዘመናት ከዊክሎው ተራሮች የሚወርዱትን የኦበርንና የኦቱል ጎሣዎች ሲመክት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1642 ግን ነገሩ ተገለበጠ። የሰፋሪው ዘበኛ የነበረው ያው ቤተሰብ ከዓመፀኞቹ ጎን ተሰለፈ። የእንግሊዝ ጦር በመጋቢት ወር ግንቡን ከበበ፤ አዛዡ ሰር ሳይመን ሃርኮርት ተመትቶ ሞተ፤ ምሽጉ ሲሰበር በውስጡ የተገኙት ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ተፈጁ። እንግዲህ “የባዕድ ግንብ ነው፤ ማን ያለቅስለታል?” የሚል ካለ፣ የትኛው ባዕድ እንደሆነ አስቀድሞ ይንገረን።

ከመሬት በላይ የቀረው በአንድ የእርሻ ግቢ ውስጥ የተካተተ ቁራጭ ግድግዳ ብቻ ነበር። ከ2000 እስከ 2002 የተካሄደው ቁፋሮ ግን የመከላከያ ቦዮችን፣ የግንብ መሠረቶችን፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዕቃዎችንና ከዚያ እልቂት ጋር የሚያያዝ የሰው አፅም አወጣ። ይሁንና ኤም 50 የተባለው አውራ ጎዳና በዚያ እንዲያልፍ አስቀድሞ ተወስኗል። ተቃዋሚዎች ቦታውን ይዘው ሰፈሩ። ጥያቄያቸውም መንገዱ ይቅር ሳይሆን መጋጠሚያው ፈቀቅ ይበል የሚል ነበር። በ2003 መጀመሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሥራውን አገደ። መንግሥትስ ምን አደረገ? በ2004 ሕጉን ራሱን ለወጠ! መንገዱም በ2005 ተከፈተ።

ደብሊን ይህን ያየችው ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም። በ1978 ዉድ ኪ በተባለው የወንዝ ዳር፣ የቫይኪንጎችን ከተማ ለማዳን 20,000 ያህል ሰው ሰልፍ ወጥቶ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ጽሕፈት ቤቶች ግን ዛሬ እዚያው ላይ ቆመዋል።

የተቃራኒው ወገን ጠንካራ ክርክር አንድ ነው፤ መንገዱ ባይታቀድ ኖሮ ለቁፋሮው ገንዘብ ከየት ይመጣ ነበር? እውነት ነው። ሆኖም ቁፋሮ ራሱ ማፍረስ መሆኑን ማንኛውም የሙያው ሰው ያውቃል። የተውኔት መድረክ ቢፈርስ ድርሰቱ በሌላ መድረክ ይታያል። የአፈር ንብርብር ግን አንዴ ከተገለጠ አይመለስም፤ የሚነበበው እየተቀደደ ነው። በዉድ ኪ ዘመን ከአሮጌ አጥንት የዘር ሐረግን መርምሮ ማንበብ አይታሰብም ነበር፤ ዛሬ ይቻላል። የነገው ባለሙያ ይዞት የሚመጣውን ጥያቄ የትናንቱ መዝገብ ሁሉ አስቀድሞ አላሰበውም፤ ስለዚህ ያልተቆፈረ ጥግ ሊተውለት ይገባ ነበር።

በጭቃ ውስጥ ተንበርክከው የሠሩትን ባለሙያዎች አልወቅስም፤ ያለ እነርሱ ስለ ሟቾቹ የምናውቀው ከዚህ ያነሰ ይሆን ነበር። ክሴ በቃሉ ላይ ነው። ባለሥልጣኖች “አፍርሰነዋል፤ ከማፍረሳችን በፊት ግን ጽፈነዋል” ይበሉ። ያን ጊዜ ክርክራችን ስለ መንገዱ ዋጋ ይሆናል።