የደጋ መኪናና የተረሳው ኤሲ

ጎበሳ ለሚኖር ሰው ስለ መኪና ኤሲ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ጠዋት ጋቢ ተደርቦ በሚወጣበት ደጋ ማን ቅዝቃዜ ይፈልጋል? ነገር ግን ያንኑ መኪና ይዘው በአሰላ በኩል ወደ አዳማ ሲወርዱ ነገሩ ይለወጣል። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አዳማ ደግሞ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ። ጎንዴንና ኢተያን አልፈው ዴራ ሲደርሱ ሹራቡ ይወልቃል፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ አቧራው ይገባል፣ ከኋላ ያለው ሕፃን መነጫነጭ ይጀምራል። ያኔ የኤሲውን ቁልፍ ይጫናሉ፤ የሚወጣው ግን ለብ ያለ ነፋስ ነው።

ኤሲ ለደጋ ሰውም ያስፈልጋል። ሥራው ማቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን የአየሩን እርጥበት ማውጣትም ነው። ኤሲው ሲሠራ ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውሃ ከአየሩ የወጣው እርጥበት ነው። በክረምት ዝናብ አምስት ሰው በእርጥብ ልብስ ተሳፍሮ የፊት መስታወቱ በእንፋሎት ሲሸፈን፣ ብዙዎቻችን በእጅጌ እንጠርጋለን። መንገዱ ላይ ጋሪ፣ ከብትና ተማሪ ባለበት ይህ አደገኛ ነው። ኤሲውን ከማሞቂያው ጋር አብረው ይክፈቱ፣ ነፋሱን ወደ መስታወቱ ያዙሩ፣ የውጭ አየር እንዲገባ ያድርጉ። መስታወቱ ቶሎ ይጠራል።

ጉዳዩ የኪስም ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ያለንን አሮጌ መኪና ጠብቀን ማቆየት ግድ ሆኗል።

የደጋ መኪና ኤሲ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ባለመሥራቱ ነው። ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር ውስጥ ዘይት አለ፤ ዘይቱ ከጋዙ ጋር እየዞረ ጎሚኒዎቹን ያለሰልሳል። ኤሲው ለወራት ካልተከፈተ ጎሚኒዎቹ ይደርቃሉ፣ ጋዙም ቀስ በቀስ ያመልጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ብርድም ቢሆን በሳምንት አንድ ቀን ለ10 ደቂቃ ያህል ያሠሩት።

አሁን ደክሞ ከሆነ፣ ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት ራስዎ ሊያዩዋቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ ነፋሱን ይለዩ። ነፋሱ ራሱ ደካማ ነው ወይስ ጠንካራ ሆኖ የማይቀዘቅዝ? እነዚህ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ነፋሱ ደካማ ከሆነ ጋዝ አይጠርጥሩ። በብዙ መኪኖች ከፊተኛው ተሳፋሪ ፊት ካለው የዕቃ መያዣ ጀርባ የአየር ማጣሪያ ፊልትሮ አለ። አውጥተው ወደ ብርሃን ያዙት። በአቧራ ከጠቆረ ይቀይሩት። አንዳንድ አሮጌ መኪኖች ይህ ፊልትሮ ስለሌላቸው አቧራው በቀጥታ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጠፋል፤ እሱን ማጽዳት የባለሙያ ሥራ ነው።

ነፋሱ ጠንካራ ሆኖ ካልቀዘቀዘ፣ መኪናውን አቁመው ሞተሩን እንዳስነሡ ኤሲውን ይክፈቱና ያዳምጡ። ኮምፕሬሰሩ ሲያያዝ “ቀጭ” የሚል ድምፅ ይሰማል። ምንም ካልተሰማ ቫልቮላው ተቃጥሎ ወይም ጋዙ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ጋዝ ሲያልቅ መኪናው ራሱ ኮምፕሬሰሩን እንዳይሠራ ያደርገዋል። በየጥቂት ሰከንዱ እየተያያዘ የሚለቅ ከሆነ ጋዙ አንሷል ማለት ሊሆን ይችላል። ኮፈኑን ከፍተው ሲያዩ ነጠላዎንና እጅጌዎን ይሰብስቡ፤ ቺንጋውና ፋኑ ምሕረት የላቸውም።

ቀጥሎ መቼ እንደሚደክም ያስተውሉ። ሲነዱ ቀዝቅዞ፣ ቆመው በሚኒሞ ሲሆን የሚሞቅ ከሆነ፣ ከፊት ያለው ኮንደንሰር በቂ አየር አያገኝም። ወይ ፋኑ አይዞርም፣ ወይ ኮንደንሰሩ ተደፍኗል። አርሲ የስንዴ አገር ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ኮምባይነሮች ማሳ ላይ ሲውሉ የሚነሣው ገለባና አቧራ ራዲያተሩ ፊት ላይ ይከመራል። ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ኃይል በሌለው ውሃ በቀስታ ይጠቡት። በኃይለኛ ውሃ ከመቱት ስስ ክንፎቹ ይተጣጠፋሉ።

ከዚህ በኋላ አንድ ብዙዎች የሚረሱት አለ፤ ማሞቂያው። በብርድ አገር ማሞቂያ ከዓመት እስከ ዓመት ይሠራል። በብዙ አሮጌ መኪኖች ወደ ማሞቂያው የሚሄደውን ፍል ውሃ የሚዘጋው በካቦ የሚሳብ ቧንቧ ነው። ካቦው ከላላ ወይም ቧንቧው ከዛገ፣ ኤሲው እያቀዘቀዘ ማሞቂያው ደግሞ እያሞቀ ይታገላሉ። የሙቀት መምረጫውን ወደ ቀዝቃዛ እስከ መጨረሻው ይመልሱና ኮፈኑን ከፍተው ካቦው አብሮ መንቀሳቀሱን ይዩ። ይህ ችግር በጋዝ መሙላት ፈጽሞ አይድንም።

አሁን ጋራዥ መሄድ ይችላሉ። እዚያ ግን “ጋዝ ሙላልኝ” ብለው አይጀምሩ። ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ ካነሰ አንድ ቦታ ወጥቷል። ቀዳዳው ሳይገኝ በየጥቂት ወሩ ማስሞላት በተቀደደ ጆንያ እህል እንደ መስፈር ነው። ይባስ ብሎ ዘይቱም አብሮ ስለሚወጣ ውዱ ኮምፕሬሰር ይነክሳል። መገጣጠሚያዎች ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ካለ ብዙ ጊዜ ቀዳዳው እዚያ ነው፤ በሳሙና አረፋም ይፈተሻል።

ለመካኒኩ ሦስት ጥያቄ ያቅርቡ። አንደኛ፣ “ቀዳዳው የት ነው?” ሁለተኛ፣ “ከመሙላትህ በፊት በቫኪዩም ትስባለህ?” መስመሩ ውስጥ የቀረ አየርና እርጥበት ቅዝቃዜውን ይቀንሳል፣ ውስጡንም ያዝጋል፤ ስለዚህ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት መሳብ አለበት። እዚህ ላይ የደጋ ሰው ይህን ይወቅ፦ በባሕር ጠለል ላይ 29 ኢንች ገደማ የሚያነበው የቫኪዩም ጌጅ፣ አየሩ በሳሳበት በአሰላ ከፍታ ከ22 ብዙም አያልፍም። ይህ የከፍታው ነገር ስለሆነ ፓምፑ ተበላሽቷል ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ “የምትሞላው ምን ዓይነት ጋዝ ነው?” እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩ መኪኖች፣ እንደ ቀደምቶቹ ዲኤክስ ኮሮላዎች ያሉት፣ ኤሲ ካላቸው የተሠሩት አር 12 ለሚባለው ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከገበያ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ የመጡት መኪኖች ለብዙ ዓመታት የተጠቀሙት አር 134 ኤ ነው። የሁለቱ ዘይት ስለሚለያይ ዝም ብሎ አንዱን በሌላው ላይ መጨመር አይቻልም። የጋዙ ዓይነትና መጠኑ በግራም ብዙ ጊዜ ከኮፈኑ ሥር ተለጥፎ ይገኛል። ከመጠን በላይ መሙላትም ቅዝቃዜ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ለማብሰያ የሚሆን ቡታጋዝ ልሙላልዎ የሚል ካጋጠመዎ ግን ይመለሱ። በእርግጥ ያቀዘቅዝ ይሆናል፤ ነገር ግን የሚቀጣጠል ጋዝ ልጆችዎ ከሚቀመጡበት ክፍል ጋር በተያያዘ ቧንቧ ውስጥ መሙላት ማለት ነው።

ሥራው ሲያልቅ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ቴርሞሜትር መሃል ባለው የነፋስ መውጫ ላይ ይሰኩ። ኤሲውን ለጥቂት ደቂቃ ካሠሩት በኋላ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካነበበ ተጠግኗል። ደጋ ላይ ግን አየሩ ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፈተናው ቀላል ነው። ከተቻለ ሥራውን ቆላ በሚወርዱበት ቀን ቀትር ላይ አዳማ ያስፈትሹት፤ እዚያ ያለፈ ኤሲ ጎበሳ ላይ መስታወት ለማጥራት አይሰንፍም።