የተጠመዘዘ አንጀትና የደሴ መንገድ፦ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ከፍተኛ ሥልጠና ለጨፋ ምን ያመጣል?

በጨፋ ሜዳ ከብት የሚያረባ ሰው ሆዱ የተነፋ በሬ እስኪነጋ እንደማይቆይ ያውቃል። ለምለም ሣር በብዛት ግጦ ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ የተወጠረ በሬ አየሩ ካልወጣለት በሰዓታት ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ባለቤቱ በእኩለ ሌሊትም ቢኾን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ፍለጋ ይወጣል። የሰው ሆድ በተመሳሳይ መንገድ ሲነፋ ግን በብዙ ቤት ፌጦ ይበጠበጣል፤ ቁርጠት ነው ይባላል፤ ሌሊቱ ያልፋል፤ አንዳንዴም ሁለተኛው ቀን ይጨመራል።

ሐኪሞች የአንጀት መጠምዘዝ የሚሉት ሕመም ለኢትዮጵያ ገጠር እንግዳ አይደለም። የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል ረዝሞ በራሱ ዙሪያ ሲዞር መተላለፊያው ይዘጋል፤ ሆድ ይነፋል፤ ዓይነ ምድርም ኾነ አየር ማለፍ ያቆማል። በሀገሪቱ ሆስፒታሎች ለአንጀት መዘጋት ከሚዳርጉ ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ሲኾን፣ ከታካሚዎቹ መካከል የገጠር ጎልማሳ ወንዶች ይበዛሉ። አሰር የበዛበት የእህል ምግብ አንጀትን እያረዘመ እንደሚሄድ ብዙ ተመራማሪዎች ያስባሉ። ቶሎ ከተደረሰበት በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ አየሩን አስወጥቶ ጥምዝምዙን ለጊዜው መፍታት ይቻላል። ደም የተቋረጠበት አንጀት ከሞተ በኋላ ግን ሆድ ተከፍቶ የሞተው ክፍል ተቆርጦ መውጣት አለበት። ሁለቱን የሚለያቸው የሰዓታት ጉዳይ ነው።

በእነዚህ ሰዓታት ላይ ያተኮረ የቀዶ ሕክምና ዘርፍ በአሜሪካ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ ራሱን ችሎ ቆሟል። ሦስት ሥራዎችን በአንድ ሐኪም እጅ ያስገባል፦ በአደጋ የተጎዱትን ማከም፣ እንደ አንጀት መዘጋትና እንደ ትርፍ አንጀት ያሉ ድንገተኛ የሆድ ሕመሞችን ቀዶ ማከም፣ እንዲሁም ከቀዶ ሕክምና በኋላ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ታካሚውን መከታተል። ጠቅላላ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲውን የጨረሰ ሐኪም ፌሎውሺፕ በሚባለው ከፍተኛ ሥልጠና ሁለት ዓመት ይጨምርበታል። ዘርፉ የተወለደበት ምክንያት ለዚህ አካባቢም ትርጉም አለው። ሐኪሞች እያደር ወደ ጠባብ ዘርፎች ሲገቡ፣ ሌሊት ደርሶ የሚመጣውን ድንገተኛ ታካሚ የሚረከብ ቀዶ ሐኪም ማግኘት በዚያ ሀብታም ሀገር እንኳ አስቸጋሪ ኾኖ ነበር።

በኢትዮጵያም የድንገተኛ ሕክምና ዕውቀት ከአዲስ አበባ መነሳት ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ኾኖታል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት በ2010 እ.ኤ.አ ተጀምሯል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር የሚገኘው አቤት ሆስፒታል ደግሞ ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለአደጋ ሕክምና የቆመ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ የተመሠረተው የምሥራቅ፣ የማዕከላዊና የደቡባዊ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ኢትዮጵያን ከመሥራቾቹ መካከል ይቆጥራል፤ የፌሎውነት ማዕረግም ይሰጣል። በልዩ ልዩ የሕክምና ዘርፎች በሀገር ውስጥ የሚሰጡ የፌሎውሺፕ ሥልጠናዎችም እየተበራከቱ መጥተዋል።

ጥያቄው ይህ ዕውቀት ለማን ይደርሳል የሚለው ነው።

እንዲህ ያለ ሥልጠና የወሰደ ሐኪም ከሚሴ ላይ ወይም ባቲ ላይ ይቀመጣል ብሎ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው። አንድ ወጣት ሕክምና ለመማር ስድስት ወይም ሰባት ዓመት፣ ቀዶ ሐኪም ለመኾን አራት ዓመት ያስፈልገዋል፤ ፌሎውሺፑ በዚያ ላይ ይጨመራል። በጤና ሥርዓቱ ስሌት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሰው፣ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 ሚሊዮን እስከ 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3 ነጥብ 5 እስከ 5 ሚሊዮን ሰው እንዲያገለግል ታስቧል። በዚህ ስሌት ለጨፋ ሰው የሚቀርበው ማዕከል የደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ባለ ከፍተኛ ሥልጠናው ሐኪም ደሴ ላይ መገኘቱ ራሱ ትልቅ ዕድል ነው፤ የአዲስ አበባ የግል ሆስፒታሎች ደመወዝ የሚስበው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነውና።

በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች የቀዶ ሕክምናውን ስለት የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች ሰዎች ናቸው። መንግሥት በ2002 ዓ.ም አካባቢ የጤና መኮንኖችን ለሦስት ዓመት አሠልጥኖ በሁለተኛ ዲግሪ የሚያስመርቅ መርሐ ግብር ጀመረ። ተመራቂዎቹ የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ይባላሉ። ምጥ የጸናባትን እናት በቀዶ ሕክምና ያዋልዳሉ፣ የተዘጋ አንጀት ይፈታሉ፣ የፈነዳ ትርፍ አንጀት ያወጣሉ። ስፔሻሊስት ሐኪም በማይገኝበት ገጠር ብዙ ሕይወት በእነርሱ እጅ ተርፏል። ነገር ግን ቀጥሎ የሚወጡት የሙያ መሰላል አጭር መኾኑ ከሚያነሷቸው ቅሬታዎች ዋነኛው ነው። ለቀዶ ሐኪሙ ሁለት ዓመት የሚጨምር ሀገር ከእርሱ በታች ላለው ባለሙያ ምን እንደሚጨምር መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሌሊት የጨፋን ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ይኸኛው ነውና።

ሁለቱን ባለሙያዎች የሚያገናኝ አንድ ዕውቀት አለ። በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ትምህርት ውስጥ ትልቅ ስፍራ የሚሰጠው፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ላለመጨረስ መወሰን ነው። ቦርከና ሞልቶ ሲወጣ አርሶ አደሩ መጀመሪያ የተሸረሸረውን ክትር ይደፍናል፤ ቦዩን ማስተካከልና የተበላሸውን ማሳ መልሶ ማረስ ውኃው ሲጎድል የሚደርስ ሥራ ነው። በከባድ ሁኔታ ደም እየፈሰሰው የመጣ ሰውም እንደዚሁ ነው። ባለሙያው ሆዱን ከፍቶ ደሙን ያቆማል፣ በጨርቅ ያሽጋል፣ የተቀደደው አንጀት ይዘቱን እንዳያፈስ ይዘጋል፤ ከዚያም ቀዶ ሕክምናውን አቋርጦ ሰውነቱን ያሞቃል፣ ደም ይሰጣል። ቀሪው ጥገና ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ይሠራል። የመጀመሪያው አጭር ሥራ ሠልጥኖ፣ በስልክ የሚያማክረው ሰው ካገኘ፣ ከሚሴ ላይ ሊሠራ ይችላል። ሁለተኛው የደሴው ሐኪም ድርሻ ነው። የትኛው ታካሚ እንዲህ መያዝ እንዳለበት፣ የትኛው ደግሞ ሳይነካ ቶሎ መላክ እንዳለበት መለየት ግን ከስፌቱ የበለጠ ልምድ ይጠይቃል፤ የከፍተኛ ሥልጠናው ዋና ጥቅምም እዚህ ላይ ነው።

ከከሚሴ ደሴ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በካርታ ሲታይ ቅርብ ይመስላል። እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ከባድ መኪኖች ይጋፉበታል፤ ከኮምቦልቻ በኋላ ደግሞ የሐረጎ ጠመዝማዛ አለ። ለገጠሩ ሰው ግን መንገዱ የሚጀምረው ከሚሴ ላይ አይደለም። ወደ አፋር ባዘቀዘቁት የአርጡማ ፉርሲ ቀበሌዎች ወይም በዳዋ ሐረዋ ታካሚው በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያም በባጃጅ ወይም በተገኘው መኪና እስከ ጤና ጣቢያ ይጓዛል። የወረዳ አምቡላንሶች በዋናነት ወላድ እናቶችን ለማመላለስ የተሰማሩ በመኾናቸው የሆድ ሕመምተኛ ወረፋው ኋላ ላይ ነው። በበጋ ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ጨፋ ረግረግ የሚወርዱት የአፋር አርብቶ አደሮች ደግሞ በየትኛው ወረዳ መዝገብ ላይ እንዳሉ እንኳ መለየት ይቸግራል።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2015 እ.ኤ.አ ባወጣው ዘገባ፣ ማንም ሰው ሦስት ቀዶ ሕክምናዎችን በሁለት ሰዓት ጉዞ ውስጥ ማግኘት እንዳለበት አስፍሯል፦ በቀዶ ሕክምና ማዋለድ፣ ሆድ ከፍቶ ማከም፣ ቆዳ ቀዶ የወጣ የአጥንት ስብራት ማከም። እነዚህን ሦስቱን የሚሠራ ሆስፒታል ሌላውንም አብዛኛውን ድንገተኛ ሕመም መያዝ ይችላል ተብሎ ይታሰባል። የዞኑ ነዋሪም የአካባቢውን ሆስፒታል በዚህ መለኪያ ሊመዝነው ይችላል። ሦስቱ በሳምንት ሰባቱንም ቀን፣ ሌሊትም ጭምር ይሠራሉ ወይ ብሎ በጉባኤ ላይ መጠየቅ፣ ስንት ሐኪም ተመደበ ከሚለው ጥያቄ የተሻለ መልስ ያስገኛል።

ከመንገዱ በተጨማሪ ሌሎች ማነቆዎችም አሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የኾነ ሰው ያለ ሪፈር ወረቀት ወደ ላይኛው ሆስፒታል ከሄደ ወጪው አይሸፈንልኝም የሚል ስጋት ይይዘዋል፤ በስጋቱም ጤና ጣቢያው እስኪከፈት ይጠብቃል። ቋንቋም አለ። ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ አየር መቼ አቆመ የሚለው መልስ ለአንጀት መጠምዘዝ ከብዙ ምርመራ ይልቃል፤ በኦሮሞ ብሔረሰብ አሥተዳደር ዞን ግን ብዙው ታካሚ ሕመሙን አጥርቶ የሚናገረው በአፋን ኦሮሞ ነው። ለደሴው ሐኪም የሚያስተረጉምለት አስታማሚ ከሌለ ታሪኩ ተሸራርፎ ይደርሳል።

ጦርነቱም ጠባሳ ጥሏል። በ2014 ዓ.ም ውጊያው ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ከሚሴን ባዳረሰ ጊዜ የደሴው ሆስፒታል ተዘርፎና ተጎድቶ አገልግሎቱ ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ ለመላው ደቡብ ወሎና ለዙሪያው ሪፈር የሚቀበለው ቤት ሲዘጋ፣ ሰንሰለቱ ምን ያህል በአንድ ቀለበት ላይ እንደተንጠለጠለ ታይቷል።

ስለዚህ የከፍተኛ ሥልጠናው ተጠቃሚነት በተመራቂዎች ብዛት ብቻ ሊለካ አይገባም። ለሥልጠና የሚላከው ሐኪም ሲመለስ በየወሩ የተወሰኑ ቀናት ከሚሴና ባቲ ተገኝቶ ከዚያ ያሉትን ባለሙያዎች አብሮ እየቀደደ እንዲያስተምር፣ ሌሊት የሚነሳ ስልክ እንዲኖረው፣ የላኩለት ታካሚ ምን እንደኾነም መልሶ እንዲነግራቸው በውሉ ላይ ቢጻፍ ወጪው ብዙ አይደለም። የማይመለስ ዜና የላኪውን እጅ ያደነዝዛል።

ደም ደግሞ ማንም ሐኪም በሥልጠና የማያመጣው ነገር ነው። ሆዱ ተከፍቶ ደም የሚፈሰው ታካሚ ከሚሴ ላይ እንዲቆም የሚያደርገው በማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀድሞ የተቀመጠ ከረጢት ነው። ከደሴ ደም ባንክ የሚመጣው ከረጢት ሐረጎንና ኮምቦልቻን አልፎ እስኪወርድ ታካሚውም በዚያው መንገድ ሽቅብ ሊጓዝ ይችል ነበር። በባቲ የሰኞ ገበያና በሰንበቴ የእሑድ ገበያ የሚሰበሰበው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ደም ለጋሽ ፍለጋ የሚወጡ ቡድኖች ከትምህርት ቤቶች በተጨማሪ እነዚህን ገበያዎች ቢያዘወትሩ የሚያጡት ነገር የለም።